አልጋ ሥር የከረመ ጊታር

አሜሪካ ውስጥ የአሮጌ ጊታር ባዛር ሲዘጋጅ ቀልጠፍ ያሉት ነጋዴዎች ጠረጴዛቸው ላይ አይቀመጡም። በሩ አጠገብ ይቆማሉ። በዚያ በር የጊታር ሳጥን አንጠልጥሎ የሚገባ ሰው አለ፤ የሟች አባቱን ወይም የአጎቱን ጊታር ይዞ፣ "እስቲ ይሄ ስንት ያወጣል?" ሊል የመጣ። ገና ትኬቱን ሳይቆርጥ "ልትሸጠው ነው?" የሚል ድምፅ ይሰማል። የእኛን ቁራሌው አስቡት። ልዩነቱ ይሄኛው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ አይጮህም፣ ኪሱ ውስጥ ያለውም የመቶ ዶላር እስር ነው። የቀረው ያው ነው፤ ገዢው የሚያውቀውን ሻጩ አያውቅም።

ነገሩ ግራ ያጋባል። መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፣ ሶፋ ሲያረጅ ይረክሳል፣ ስልክማ ገና ከሱቁ ሳይወጣ ነው የሚረክሰው። ቫዮሊን ቢሆን ይገባናል፤ ስትራዲቫሪ በ1737 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሞቷል፣ ሌላ አይሠራልንም። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ትናንት በፋብሪካ በብዛት የተመረተ ዕቃ ነው። ጊብሰንም ፌንደርም ዛሬ አሉ፤ ያንኑ ሞዴል ዛሬም እያመረቱ ይሸጣሉ። ታዲያ አሮጌው የቤት መግዣ የሚያወጣው ለምንድነው?

ያስወደዱት ራሳቸው ኩባንያዎቹ ናቸው። ሳያስቡት።

ጊብሰን ሌስ ፖል የተባለውን ጊታር በ1952 ገበያ ላይ ሲያወጣ ወርቅማ ቀለም ነበረው። ሽያጩ ሲቀዘቅዝ በ1958 ቀለሙን ቀየሩት፤ መሐሉ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ ቀይ። "ሰንበርስት" ተባለ። ዋጋው ከ250 ዶላር ብዙ አይርቅም ነበር። ገዢው ግን አልተደነቀም። ከባድ ነው፣ ፋሽኑም አልፎበታል ተባለና በ1960 ሞዴሉ ቆመ፤ በ1961 ቀጭኑና ባለ ሁለት ቀንዱ ተተካ። በሦስቱ ዓመታት የተሠራው ከ2 ሺህ በታች ነው፤ ብዙዎች 1,500 ገደማ ይላሉ። ቀዩ ቀለም ደግሞ ጥራቱ ደካማ ስለነበር ፀሐይ ሲያየው ይለቅ ነበር። ጊታሮቹ እንደየቤታቸው መስኮት መልካቸው ተለያየ። የፋብሪካ ስህተት ነው እንግዲህ! ዛሬ ነጋዴዎቹ ያንኑ ስህተት "ሎሚ"፣ "ሻይ" እያሉ ስም አውጥተውለት ዋጋ ይጨምሩበታል።

በ1966 ለንደን ውስጥ ኤሪክ ክላፕተን የሚባል የ21 ዓመት ልጅ አንዱን ያገለገለ ሌስ ፖል ከማርሻል ማጉያ ጋር አገናኝቶ ከጆን ማያል ባንድ ጋር አልበም ቀዳ። እንደዚያ የወፈረና የሚያለቅስ የጊታር ድምፅ ብዙ ሰው ሰምቶ አያውቅም ነበር። አልበሙን የሰማ ወጣት ሁሉ ያንን ጊታር ፈለገ፤ ፋብሪካው ደግሞ ማምረት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። (የክላፕተን ጊታር ራሱ በዚያው ዓመት ተሰረቀ።) ጊብሰን በ1968 ሌስ ፖልን መለሰው፤ የመለሰው ግን ሰንበርስቱን አልነበረም። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ከሰው እጅ መግዛት።

ፌንደር ዘንድ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ሊዮ ፌንደር ጤናው እየታወከ ሲመጣ በጥር 1965 ኩባንያውን ሲቢኤስ ለተባለው የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ብዙ ሙዚቀኞች ጥራቱ የወረደው ከዚያ ወዲህ ነው ብለው ያምናሉ። "ፕሪ-ሲቢኤስ" የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ባዛሩ ላይ እንደ ቅዱስ ስም ነው የሚጠራው። እውነቱን ለመናገር ከ1965 በፊት የተሠራ ሁሉ ድንቅ አልነበረም፤ ሰኞ ጠዋት እንቅልፍ የተጫነው ሠራተኛ በ1959ም ነበር። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሠራተኞቹ በ1985 ኩባንያውን መልሰው እስኪገዙት ድረስ፣ ሙዚቀኛው ከአዲሱ ይልቅ አሮጌውን አመነ።

በ1970 ክላፕተን ናሽቪል ሄዶ ሾ-በድ ከተባለ ሱቅ ማንም የማይፈልጋቸውን አሮጌ የፌንደር ስትራቶካስተሮች፣ ስድስት ያህል፣ ከ200 እስከ 300 ዶላር እየከፈለ ገዛ። አንዱን ለጆርጅ ሃሪሰን፣ አንዱን ለፒት ታውንሴንድ፣ አንዱን ለስቲቭ ዊንውድ ሰጠ። የተረፉትን ሦስቱን ፈታታቸውና ከአንዱ አካል፣ ከሌላው አንገት፣ ከሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ ወስዶ አንድ ጊታር ገጣጠመ። "ብላኪ" አላት። ለዓመታት ተጫወተባት፤ በ2004 ክሪስቲ በተባለው ጨረታ ቤት 959,500 ዶላር ተሸጠች።

አሁን እስቲ ስሟን እንርሳ። አንድ ያልታወቀ ሰው ሦስት የ1950ዎቹ ጊታር ፈታትቶ አንድ አድርጎ ባዛሩ ላይ ይዞ ቢመጣ ምን ይባላል? አበላሽ! ነጋዴው ራሱን ይዞ ይጮሃል።

ምክንያቱም በዚያው በ1970፣ በዚያው በናሽቪል፣ ጆርጅ ግሩን የሚባል ሰው ከሁለት ሸሪኮቹ ጋር የአሮጌ ጊታር ሱቅ ከፈተ፤ ንግዱም ቀስ በቀስ ከጆሮ ወደ ዓይን ተሻገረ። በ1978 ዳላስ ውስጥ ዓመታዊው የጊታር ባዛር ሲጀመር ገዢው ጊታሩን ከመጫወቱ በፊት ብሎኑን መፍታት ለምዷል። የሚያየው ብዙ ነው። የሽቦው ብየዳ ተነክቷል ወይ? ቀለሙስ የፋብሪካው ነው? በአልትራቫዮሌት መብራት ያበሩበታል፤ አሮጌው ቀለምና አዲሱ አንድ ዓይነት አያበሩም። የድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ ቁጥር አለ። 1376614 ቢል 137 አምራቹ ነው፣ 66 ዓመቱ፣ 14 ሳምንቱ። ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት አልተሠራም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መቼ እንደተሠራ ግን ቁጥሩ አይነግርም፤ ፌንደር በ1966 በገፍ የገዛውን ይህንን ዕቃ ለዓመታት ነው ሲጠቀምበት የኖረው። በዚህ የተሸወደ ስንት አለ መሰላችሁ!

የዚህ ሁሉ ምርመራ ውጤት አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ከሁሉም የሚወደደው ጊታር ማን የገዛው ነው? ሦስት ቀን ተምሮ፣ ጣቱን ሲያመው አልጋ ሥር ወርውሮት ወታደር ቤት የገባው ልጅ! ሠላሳ ዓመት በየሠርጉና በየመጠጥ ቤቱ ተጫውቶበት ልጆቹን ያሳደገበት ሙዚቀኛ ግን ሲያረጅ ይዞት ሲመጣ ፍሬቱ ተቀይሯል፣ የክር መወጠሪያው ተቀይሯል፣ በሰባዎቹ ፋሽን ነው ብሎ ቀለም አስቀብቶታል። ቀለሙ ብቻውን የዋጋውን ግማሽ ያህል ይበላል፤ በንግዱ የታወቀ ሕግ ነው። በላብህ ልክ ትቀጣለህ እንደማለት። የፌንደር ሰዎች ደግሞ በ1995 ምን አመጡ? ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ሆን ተብሎ የተፋፋቀና የተላላጠ አዲስ ጊታር! ሰብሳቢው ጭረት የሌለው አሮጌ ሲፈልግ፣ ተጫዋቹ ጭረት ላለው አዲስ ተጨማሪ ይከፍላል።

ወደ በሩ እንመለስ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የመቶ ሺዎች ዶላር ሰንበርስት በሁለት ሺህ ዶላር ገዝቶ "ንግድ ነው" የሚል ሰው ሌባ ነው። ሕጉ የፈለገውን ይበል። ግሩን በ1991 ከዋልተር ካርተር ጋር መለያ ምልክቶቹን ሁሉ በመጽሐፍ ሲያወጣ ከነጋዴው እጅ አንድ ትልቅ መሣሪያ ነጥቋል። አሁን ደግሞ ስልክ አለ። ግን ስልኩም የራሱ ጣጣ አለው፤ ልጅቷ የአባቷን ጊታር ይዛ ስትገባ ያየችው ዋጋ ያልተነካውን ነው፣ የያዘችው የተቀባውን። አሁን ደንግጦ ራሱን የሚነቀንቀው ነጋዴው ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ነጋዴዎቹ እርስ በርስ የሚገበያዩት ለሕዝብ ሳይከፈት ገና ነው፤ ምርጡ ያኔ አልቋል። የቀረውን ጭኖ ረጅም መንገድ መንዳት ማንም አይፈልግም። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የ1963 ስትራቶካስተር ተጋድሟል፤ ተቀብቷል፣ ፍሬቱ አዲስ ነው፣ አንዱ ፒካፕ የራሱ አይደለም። "የተጫዋች ጊታር" ነው የሚሉት፣ ትንሽ እንደ ማዘን እያሉ። ጠዋት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንድ ጎረምሳ ያነሳዋል፣ ብሎኑን አይፈታም፣ ክሩን ይቃኛል። ነጋዴው ሰዓቱን ያያል፣ የተለጠፈውን ዋጋ በእጁ ይሸፍንና "ስንት ይዘሃል?" ይለዋል።