ሞያሌ ላይ ትውልድ ሲቆጠር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከናይሮቢ ተነስቶ በኢሲዮሎና በማርሳቢት አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አስፋልት ኢትዮጵያን የሚነካው ሞያሌ ላይ ነው። ሞያሌ ሁለት ናት፤ አንዷ በኬንያ፣ አንዷ በኢትዮጵያ፣ ስማቸው አንድ። በ1907 (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) የምኒልክ መንግሥትና እንግሊዝ ስለ ወሰኑ ተዋዋሉ። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው ግን ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ኖረ። ቡርጂውም ከደጋው ወርዶ በንግድና በእርሻ እዚያው ሰፈረ። የአያት መቃብር በአንዱ አገር፣ የልጅ ልጅ መታወቂያ በሌላው አገር መሆኑ ሞያሌ ውስጥ ማንንም አይገርምም።

አሁን አንድ ልጅ አስቡልኝ። ወላጆቹ ቦረና ናቸው፤ ከኬንያዋ ሞያሌ ወጥተው አሜሪካ ወለዱት። ልጁ የአያቶቹን ነገር ልወቅ ብሎ ምራቁን ለዲኤንኤ መርማሪ ኩባንያ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ከማያውቀው ሰው ጋር ዝምድና አለህ ተባለ፤ ሰውየው ካናዳ የሚኖር፣ ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ በኩል ከያቤሎ የመጣ ነው። ከስሙ ጎን ቁጥር አለ፦ 70 ሴንቲሞርጋን። ይህ ሁለት ሰዎች የሚጋሩት የዲኤንኤ መጠን ነው። የአጎት ልጆች ወደ 850 ይጋራሉ። 70 የሚሆነው ብዙ ጊዜ የአያትን አያት የሚጋሩ ሰዎች ዘንድ ነው።

ዘመድነቱስ እሺ። ግን በየት በኩል?

አውሮፓ ቢሆን የቤተሰብ ስም ይዞ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያገላብጥ ነበር። ቦረና ዘንድ፣ እንደ እኛው ሁሉ፣ የልጅ ስም የሚከተለው የአባትን ስም ብቻ ነው። የገልገሎ ልጅ ጉዮ ገልገሎ ይባላል፤ የእሱ ልጅ ዋቆ ጉዮ። ገልገሎ በሁለተኛው ትውልድ ከስሙ ወጣ። በስም የሚፈልገው ኮምፒውተር እዚህ ላይ ይቆማል።

የማይለወጠው ጎሳ ነው። ቦረና ሳቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የተከፈለ ነው። ሳቦ የሚያገባው ከጎና፣ ጎናም ከሳቦ ነው፤ ልጅ የአባቱን ክፍልና ጎሳ ይይዛል። ይህን ከዲኤንኤው ጋር አስተያዩት! ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚተላለፍ ከጎሳው ጋር አብሮ ይወርዳል። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ሚቶኮንድሪያ ግን በየትውልዱ ክፍል ይለውጣል፦ አያትየዋ ጎና፣ ልጇ ሳቦ፣ የልጅ ልጇ እንደገና ጎና። ያንን ወግ የሚያውቅ አዛውንት በሦስት ጥያቄ የሚያጠበውን ፍለጋ፣ የማያውቅ ሰው ዓመት ሲማስን ይኖራል።

ዘመኑም አልጠፋም። የቦረና የሥልጣን ሥርዓት የሆነው ገዳ በየ8 ዓመቱ ርክክብ አለው፤ ቦረናም የተወለደበትን ጊዜ በመሪው በአባ ገዳው ስም ይጠራል። በጎባ ቡሌ ገዳ የተወለደ ከ1968 እስከ 1976 ባለው ጊዜ የተወለደ ነው። የአባ ገዳዎቹ ስም ዝርዝር ወደ ኋላ ሲቆጠር እስከ ገዳዮ ገልገሎ፣ እስከ 15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ይደርሳል። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ በ1973 ባሳተሙት ጥናት የገዳን አቆጣጠር በሰፊው ተንትነዋል። ከ500 ዓመት በላይ በቃል የተያዘ የዘመን መዝገብ ማለት ነው!

በአማራው አገርም ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ 128 ሰዎች ናቸው። ዲኤንኤ እየተቆረሰ ስለሚወርድ ከእነዚያ ከአንዳንዶቹ ለእኛ ምንም ላይደርሰን ይችላል። የአያትን አያት ከሚጋሩት ከአሥሩ አንዱ በምርመራ ዝምድናቸው አይታይም፤ አንድ ትውልድ ሲጨመር ግማሾቹ ይጠፋሉ። አያቶቻችሁ በቃል የቆጠሩላችሁ ዘመድ በማሽኑ ስላልታየ ውሸት አትበሉት።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ በቦረና ሕግ የአሳዳጊው ልጅ ነው፤ ጎሳውም የአሳዳጊው ጎሳ ነው። ምርመራው ሌላ ደም ቢያሳይ ማን ነው የተሳሳተው? ማንም። ምርመራው የሚያውቀው ማን እንደወለደ ብቻ ነው።

ምርመራው መልስ የሰጠበትን ለማየት ከሞያሌ በዚያው አስፋልት ወደ ደቡብ ውረዱ፤ ናንዩኪ አለች። እዚያ የእንግሊዝ ወታደሮች ከኬንያውያን እናቶች ወልደዋቸው የሄዱ ልጆች አሉ። በዲኤንኤ ተዛምዶ የአንዳንዶቹ አባቶች ተገኝተው ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ። የተገኙት እንግሊዝ ያለው ዘመድ ቀድሞ ምራቁን ሰጥቶ ስለነበር ነው። የሞያሌ ልጅ ግን የሚፈልገው ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡ ውስጥ የለም፤ በእነዚያ ኩባንያዎች መዝገብ የሚበዙት የአውሮፓ ዘሮች ናቸው። በ2009 የዘረመል ተመራማሪዋ ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ 121 የአፍሪካ ማኅበረሰቦችን ሲያጠኑ ቦረና፣ ገብራና ቡርጂ ነበሩበት፤ እንዲህ ያለ ጥናት የሕዝብን ታሪክ ይነግራል እንጂ የማንንም ቅድመ አያት ስም አያወጣም።

በ2013 መጨረሻ ቦረና፣ ገብራና ቡርጂ ሞያሌ ላይ ተጋጭተው ብዙ ሺህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ዲኤንኤ ዛሬ እዚያ «ባለ አገሩ ማነው?» ለሚል ጠብ ማገዶ እንዳይሆን እፈራለሁ። አንትሮፖሎጂስቱ ጉንተር ሽሌ በ1989 መጽሐፉ ያሳየው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፦ በሰሜን ኬንያ አንዱ ጎሳ ገብራም፣ ሬንዲሌም፣ ገሪም ውስጥ ይገኛል፤ ወንድማማቹ ከብሔረሰብ ስም ተሻግሮ ይተዋወቃል።

ስለዚህ ያ ልጅ ወደ ካናዳው ሰው ሲጽፍ መጀመሪያ የሚጠይቀው፦ «ሳቦ ነህ ጎና? ጎሳህስ ማነው? አያትህ በማን ገዳ ተወለዱ?» ብሎ ነው። ከዚያ ሞያሌ ደውሎ ከዘመዶቹ በሕይወት ያሉትን ትልቁን አዛውንት ያነጋግር፤ የሚሉትን ሁሉ በድምፅ ይቅዳ። እሳቸው ከፈቀዱ የእሳቸው ምራቅ ከልጁ በሁለት ትውልድ ለአባቶቹ ይቀርባል። ፈቃዱን ሲጠይቅ ግን ኩባንያ እንደሚከስር ይንገራቸው፤ የዲኤንኤ መርማሪው ኩባንያ ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በመጋቢት 2025 የኪሳራ ማመልከቻ ሲያስገባ የሚሊዮኖች ዲኤንኤ በእጁ ነበር። አዛውንቱ እንቢ ካሉ ቃላቸው ይበቃዋል።