ቀይ ሥርና ወርቃማ ዝርያው በካፋ ጓሮ፤ አለማሙና አዘገጃጀቱ

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የካፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ ዓመታዊ የዝናብ መጠኗ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ይህ ዝናብ ለቡና፣ ለእንሰትና ለኮረሪማ በረከት ነው። ለቀይ ሥር ግን ጥቅምም ጉዳትም አለው። ለረጅም ዘመን የወረደው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየም የመሳሰሉትን ማዕድናት አጥቦ በመውሰዱ የአካባቢው ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል። ቀይ ሥር ደግሞ አሲዳማነትን ከማይቋቋሙ አትክልቶች አንዱ ሲሆን፣ የሚስማማው የአፈር ፒኤች ከ6 እስከ 7.5 ነው። ከዚህ ሲያንስ ቅጠሉ ይቀጭጫል፤ ሥሩም ሳይወፍር ይቀራል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ዘሩን ይወቅሳሉ፤ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ግን አፈሩ ነው።

የካፋ አርሶ አደር ቤተሰብ ለዚህ ችግር የሚሆን መፍትሔ በደጁ አለው። እንሰት ከቤቱ አጠገብ የሚተከለው የከብቱ ፍግና የምድጃው አመድ በቅርብ እንዲደርሰው ነው። በዚህ ልማድ የዳበረው የጓሮ አፈር ከሩቁ ማሳ ይልቅ ለቀይ ሥር ይስማማል። የእንጨት አመድ በውስጡ ባለው ካልሲየምና ፖታሲየም አሲዳማነቱን ያረግባል። ሆኖም በስሱ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ሲበዛ ይጎዳል። አመድና እርጥብ ፍግ በአንድነት ከተደባለቁ ናይትሮጂኑ በአየር ስለሚባክን በተለያየ ጊዜ ማድረጉ ይመረጣል። ያልበሰለ ፍግ ሥሩ እንዲሰነጣጠቅና ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ስለሚያደርግ በሚገባ የበሰበሰውን መጠቀም ያስፈልጋል። መደቡ ፀሐይ የሚያገኝ እንጂ የእንሰት ጥላ የሚያርፍበት መሆን የለበትም።

ዘሩ የሚዘራው ከባዱ ዝናብ ሲቀንስ፣ በጥቅምት ወር አካባቢ፣ ውኃ በማያቁር ከፍ ያለ መደብ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ሻካራው ፍሬ አንድ ዘር መስሎ ቢታይም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዘሮችን ይይዛል። ስለዚህ በጥንቃቄ ተራርቆ የተዘራው እንኳ ተጨናንቆ ይበቅላል። ፍሬውን አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ማሳደር፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ቦይ መዝራት፣ በመስመሮች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር መተው፣ ቡቃያው ጣት ሲያክል ደግሞ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ማሳሳት ይገባል። ማሳሳቱን የሚዘነጋ ሰው የሚያገኘው ቅጠል ብቻ ነው። የአየሩ ሁኔታና ዝርያው እየለያየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ለምግብ ይደርሳል። በጊዜው ያልተነቀለ ሥር ጭረታም እየሆነ ይሄዳል።

ቀይ ሥር አበባና ዘር የሚሰጠው በሁለተኛ ዓመቱ ሲሆን፣ ለዚህም ለሳምንታት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ይሻል። የቦንጋ አየር ይህን ስለማያሟላ ከጓሮ ዘር መያዝ አስቸጋሪ ነው። ታሽጎ የሚሸጠውን ዘር የሚገዛ ሰው የመጠቀሚያ ጊዜውን ማንበብ ይኖርበታል።

በአገራችን ገበያ የተለመደው ቀዩ ቢሆንም በሌላው ዓለም ቢጫ ወይም ወርቃማ የሚባል ዝርያም ይለማል። «ቢጫ ቀይ ሥር» ማለት ለጆሮ የሚከብድ ስም ነው፤ ተክሉ ግን ያው ነው። ቀዩን የሚያቀላው ቀለም በወርቃማው ውስጥ የለም፤ ቢጫው ቀለም ብቻ ይቀራል። ጣዕሙ ለዘብ ያለ፣ የአፈር ሽታውም ያነሰ ነው። በአንጻሩ የዘሩ የመብቀል አቅም ከቀዩ ስለሚያንስ ጠጋ አድርጎ መዝራት ይመከራል። ከድስት ሲገባ ድንቹንና ካሮቱን አያቀላም፤ በእርድ ለሚሠራ አልጫ የሚመች በመሆኑ ለአገራችን ማዕድ እንግዳ የሚሆን አይመስልም።

ቀይ ሥር ከነልጣጩና ከሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል የቅጠል አገዳው ጋር ታጥቦ ይቀቀላል። አስቀድሞ ከተላጠ ቀለሙና ጣዕሙ በውኃው ይቀራል። ቢላዋ በቀላሉ ሲገባው ወጥቶ ይላጣል። ከተቀቀለ ድንች፣ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያ፣ ከሎሚና ከዘይት ጋር ተለውሶ በጾም ወቅት ከበያይነቱ ጋር ይቀርባል።

ቅጠሉን መጣል ግን ትልቅ ብክነት ነው። ቆስጣና ቀይ ሥር በሳይንሳዊ አመዳደብ አንድ ዝርያ ናቸው፤ አንዱ ለቅጠሉ፣ ሌላው ለሥሩ የተመረጠ ነው። ስለዚህ ለጋው የቀይ ሥር ቅጠል እንደ ቆስጣ ተከትፎ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ይሠራል፤ በፍስክ ቀን ኮረሪማ በገባበት ንጥር ቅቤ ማቁላላት ይቻላል። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም በፕሮቲንና በቫይታሚን ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ቅጠሉ ከጥራጥሬ ጋር አብሮ ሲቀርብ ማዕዱ ይሟላል። ቅጠሉ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ስላለው የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው አዘውትሮ ከመመገቡ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት።

ቀዩን በብዛት የተመገበ ሰው በማግስቱ ሽንቱ ሊቀላ ይችላል። ደም መስሎት የሚደነግጥ አይጠፋም፤ ከቀይ ሥሩ ቀለም የመጣ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልጠራ ግን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።