በር የሌለው ትምህርት ቤት፦ የባሕር ኃይል የኮርስ ጓደኞችና ኦስሎ

በአገር ቤት መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ በር ላይ ቆሞ ይነግራል። በስደት ግን መርዶ በስልክ ይመጣል። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የትምህርት ቤት ጓደኞች ሲደዋወሉ ወሬያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «እገሌ አለ?» ይላል አንዱ። «አለ» ከተባለ ተመስገን ነው። ካልተባለ ትንሽ ዝምታ ይሆንና «ነፍስ ይማር» ይከተላል። ከዚያም «ስንት ቀረን?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ስለ ስድስት ኪሎ ተማሪዎች ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። እነሱ ቢያንስ አንድ ዕድል አላቸው፤ አዲስ አበባ ሲሄዱ ያ የዩኒቨርሲቲው በር እንደቆመ ያገኙታል። በሩ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ መነሳት ይችላሉ። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን የሚመለሱበት በር ስለሌላቸው ተማሪዎች ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ኮሌጅ ምሩቃን። ጉዳዩ ኦስሎ የምንኖረውን በተለይ ይመለከተናል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ አስተማሪዎቻቸው ከዚህ አገር የሄዱ መኮንኖች ነበሩ።

ኤርትራ በመስከረም 1952 (እ.ኤ.አ.) በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ አገሪቱ የባሕር ጠረፍ አገኘች፤ ጠረፉን የሚጠብቅ ኃይል ግን አልነበራትም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1954 ኦስሎን ጎበኙ። በ1955 ባሕር ኃይሉ ተመሠረተ፤ በ1956 ደግሞ የመኮንኖቹ ኮሌጅ ተከፈተ። ባሕር ኃይሉን በማደራጀትና ትምህርቱን በመምራት የኖርዌይ መኮንኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ለምን ኖርዌይ ተመረጠች ለሚለው መልሱን መገመት አያስቸግርም። ኖርዌይ ሕዝቧ ትንሽ፣ መርከቧ ብዙ የሆነች አገር ናት። በእኛ አካባቢ ቅኝ ግዛት አልነበራትም። የጣሊያንን ወረራ ገና ላልረሳ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ትምህርቱ 52 ወራት ይፈጅ ነበር። ከደጋ የመጣ፣ ከሐይቅ በስተቀር ሰፊ ውኃ አይቶ የማያውቅ ልጅ ኮከብ አይቶ መንገድ መምራት ተማረ። አጠገቡ የተኛው ጓደኛው ደግሞ የአስመራ ወይም የምጽዋ ልጅ ነበር። በየዓመቱ በምጽዋ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ንጉሠ ነገሥቱ ይገኛሉ፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቭየት የጦር መርከቦች ሳይቀሩ በአንድ ወደብ ይሰለፉ ነበር። በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የባሕር ኃይሉ ኩራት ሆነች።

የኮርስ ጓደኝነት እንደ ወንድማማችነት ነው ይባላል። ታሪካችን ግን ይህን ወንድማማችነት ክፉኛ ፈትኖታል። አብዮቱ ሲፈነዳ ምክትል አዛዡ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተለያየ። አንዱ ከደርግ ጋር ቀረ፣ አንዱ ታሰረ፣ አንዱ ተሰደደ፣ አንዱም የአማፂውን ጎራ ተቀላቀለ።

በየካቲት 1990 (እ.ኤ.አ.) ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1991 የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የመን ገብታ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። ጅቡቲ የቆሙት መርከቦች በ1996 በወደብ ዕዳ ለጨረታ ቀረቡ፤ የተወሰኑትን የገዛችው ኤርትራ ነበረች። ባሕር ኃይሉም በዚሁ አበቃ።

ከ1998 እስከ 2000 የተደረገው ጦርነት ደግሞ የቀረውን ክር በጠሰው። የሁለቱ አገሮች የስልክ መስመር እስከ ሐምሌ 2018 ድረስ ተዘግቶ ቆየ። በእነዚያ 20 ዓመታት እናትና ልጅ እንኳ ወሬ የሚለዋወጡት በሦስተኛ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነበር። የኮርስ ጓደኛማ እንዴት ይሁን? የአዲስ አበባው የአስመራውን ሞት የሚሰማው ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በሚደወል ስልክ ነበር። ስደተኛው ለሁለት አገር መርዶ ነጋሪ ሆነ።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ የሽማግሌ ናፍቆት ነው» ይሉ ይሆናል። ከዚያ የከበደ ወቀሳም አለ። ምጽዋ ከተያዘች በኋላ በደርግ አውሮፕላኖች ተደብድባ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። ያችን ከተማ የወጣትነቱ ትዝታ አድርጎ የሚያወራ ሰው፣ ለሌላው የእናቱ መቃብር መሆኗን መርሳት የለበትም። ይህን ሳይቀበሉ «ደጉ ዘመን» ብሎ ብርጭቆ ማንሳት ጓደኝነት አይደለም። መሰባሰብ ዋጋ የሚኖረው ይህም በጠረጴዛው ላይ ሲነሳ ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) በኦስሎ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከኤርትራ ጋር ለተደረገው ሰላም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከአዳራሹ ደጅ ወጥቶ ለቆመ ሰው ባሕሩ ከፊቱ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላ ሰሜኑ እንደገና በጦርነት ተቃጠለ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ የባሕር በር ወሬ እንደገና ጦፏል። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን መልሳ ለማቋቋም ከጀመረችም ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለ ባሕሩ ከሁሉም በላይ ድምፃቸው ሲሰማ የማናየው ግን ባሕሩን የሚያውቁት ናቸው፤ በዚያ ወደብ አብረው የተማሩትና በኋላ በሁለት ወገን የቆሙት። ጦርነት ምን እንደሚያስከፍል ከእነሱ የተሻለ ማን ይነግረናል?

ስለዚህ ሐሳቤ ትንሽና ሊሠራ የሚችል ነው። የመጀመሪያው ኮርስ ልጆች ዛሬ በሕይወት ካሉ ዘጠና ዓመት እየተጠጋቸው ነው፤ አስተማሪዎቻቸው ደግሞ ከነሱም ይበልጣሉ። ጊዜ የለም። የየኮርሱ የስም ዝርዝር ይጻፍ፤ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ሳይባል፣ ያለውም የሞተውም፣ በየትኛውም ጎራ የቆመው። ፎቶግራፎቹና ማስታወሻ ደብተሮቹ ከየመሳቢያው ይውጡ። ኖርዌይ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ አይጠፋም፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ እዚሁ ኦስሎ ሶንስቫን ነው፤ የባሕር ኃይል ሙዚየሙም ሆርተን ከተማ ይገኛል። የአስተማሪዎቹ ልጆችም በአባቶቻቸው ሣጥን ውስጥ የምጽዋ ፎቶግራፍ ሳያገኙ አይቀሩም። እንጠይቃቸው።

ትምህርት ቤቱን መመለስ አይቻልም። መርከቦቹም ብረት ሆነው ቀልጠዋል። የቀረው የስም ጥሪ ብቻ ነው። ስሙ ሲጠራ «አለሁ» የሚል ሰው ገና ሳይጠፋ እንጥራ።

ቸር ይግጠመን።

ኦስሎ፣ ኖርዌይ