ሰዎቹ ወጡ፣ ክርክሩ ቀረ

ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት አገር ለቀው እንዲወጡ ያዘዙት በ1634 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካህናቱን ወደ እኛ አገር ስትልክ የኖረችው ፖርቱጋል ራሷ የእነሱን ማኅበር ከግዛቷ ያባረረችው በ1759፣ ስፔን ደግሞ በ1767 ነበር። በ1773 ሮም ያሉት ጳጳስ ማኅበሩን ፈጽሞ አፈረሱት። ጎንደር ገና ሳትቆረቆር የወጣው አዋጅ ሁለቱን የካቶሊክ መንግሥታት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሟቸዋል።

ነገሩ ሲጀመር ግን መልኩ ሌላ ነበር። በ1603 እንደ አርመን ነጋዴ ለብሶ ምጽዋ የገባው ስፔናዊ አባ ፔድሮ ፓኤዝ መቸኮል የማያውቅ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ተይዞ ሰባት ዓመት በየመን በእስር ማቅቋል። እዚህ ከገባ በኋላ ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ለዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራ፤ ንጉሡን ተከትሎም በ1618 የዓባይን ምንጭ አየ። ከሱስንዮስ በፊት የነበሩት ዐፄ ዘድንግል በ1604 የቅዳሜን ሰንበት ሽረው ጦር እንደተነሣባቸውና እንደተገደሉ ስላየ፣ ሃይማኖት በአዋጅ እንደማይለወጥ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ፓኤዝ በ1622 አረፈ። ሱስንዮስም በዚያው ዓመት ካቶሊክነታቸውን በግልጽ አወጁ። በ1625 ከሮም ተሹሞ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። የካቲት 11 ቀን 1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡ፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ ተንበርክከው ለሮም ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። አልጋ ወራሹ ፋሲለደስም ከማሉት አንዱ ነበሩ። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በዚያ ጉባኤ መካከል ሰይፋቸውን መዘዙና፣ ለአልጋ ወራሹ የሚገዙት የካቶሊክን እምነት እስከጠበቁ ድረስ ብቻ መሆኑን፣ ካልጠበቁ ግን የመጀመሪያው ጠላታቸው እሳቸው እንደሚሆኑ ተናገሩ። ፋሲለደስ ያን ቀን ዝም ብለው ሰሙ፤ ሲነግሡ ግን አጎታቸውን ለግዞት ዳረጓቸው።

ከመሐላው በኋላ የመጣው ሕግ የሕዝቡን ኑሮ ከሥሩ የሚነካ ነበር። የተጠመቀው ዳግም ይጠመቅ፣ ካህኑ እንደ አዲስ ይካን፣ ታቦቱ ዳግም ይባረክ ተባለ፤ የቅዳሜ ሰንበትና ግዝረት ተከለከሉ። አባቱና አያቱ ክርስቲያን ሆነው የሞቱበት ባላገር «እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርክም» የተባለ ያህል ቆጠረው። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይሆናል እንደሚባለው ሆነና አመፅ ባገሩ ሁሉ ተነሣ። ከሁሉ የበረታው መልክዐ ክርስቶስ የመሩት የላስታው ነበር።

ሰኔ 1632 ወይና ደጋ ላይ የንጉሡ ጦር የላስታን ገበሬ ድል አደረገ። ካህናቱ ራሳቸው እንደዘገቡት የሞተው ሰው እስከ 8,000 ይደርሳል። ፋሲለደስ አባታቸውን ሬሳ በተረፈረፈበት ሜዳ አዙረው፣ እነዚህ እስላሞችም አረመኔዎችም ሳይሆኑ የገዛ ዘመዶቻችንና ክርስቲያኖች ናቸው እንዳሏቸው ይተረካል። ከድሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለቀቁ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አርፈው አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

ፋሲለደስ ካህናቱን ወዲያው ከአገር አላስወጧቸውም። በ1633 አድዋ አጠገብ ፍሬሞና በምትባለው የቆየች ሰፈራቸው እንዲሰበሰቡ አደረጉ። ሜንዴዝ ግን ከህንድ የፖርቱጋል ወታደር እንዲላክለት መማጸኑን አልተወም፤ ያኔ ነገሩ የሃይማኖት ብቻ መሆኑ ቀረ። ጨርሰው ይውጡ ሲባል ሜንዴዝና ጓደኞቹ የባሕረ ነጋሹን የዮሐንስን ከለላ ፈለጉ። እሳቸው ግን ኋላ ምጽዋ ላሉት ቱርኮች አሳልፈው ሰጧቸው። ፓትርያርኩ ሱአኪን ላይ ታስሮ፣ ቤዛ ተከፍሎለት ህንድ ገባ። ተደብቀው የቀሩት ካህናት አንድ በአንድ እየተያዙ ተገደሉ።

የአገሪቱ በር ግን በአንዳንዶች እንደሚነገረው ጥርቅም ብሎ አልተዘጋም። ፋሲለደስ ከየመን ኢማም ጋር ተላልከው በ1648 መልእክተኛውን አል ሃይሚን ጎንደር ላይ ተቀብለዋል። ፈረንጆቹ ያስለመዱት የኖራ ግንባታም በቤተ መንግሥታቸው ግቢ ቀጥሏል።

ከካህናቱ ጋር የወጣም ሐበሻ አለ። አባ ጎርጎርዮስ የሚባል የመካነ ሥላሴ ሰው ካቶሊኮቹን ወዶ ከእነሱ ጋር ተሰደደና ሮም ገባ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሊቅ እዚያ አገኘው። የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው፣ ሉዶልፍ ከመጽሐፍ በለቀመው ግእዝ እየተንተባተበ ያናግረው ጀመር። በ1652 ጎርጎርዮስን ጀርመን አገር ጎታ ወዳለው የመስፍኑ ግንብ አስመጣው፤ ስለ አገሩ ታሪክ፣ ሥርዓትና ቋንቋ እየጠየቀ ጻፈ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ጥያቄና መልስ የተወለዱ ናቸው። ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲጓዝ መርከቡ ሰጥማ ሞተ።

አገር ውስጥ የቀረው ደግሞ ካህናቱ የቀሰቀሱት ክርክር ነበር። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ፈረንጆቹ ላነሡት ጥያቄ መልስ ሲፈለግ ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው ተለያዩ። ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባለ በየገዳሙ ጎራ ተለየ፤ ጎንደር ላይ ነገሥታት በተለዋወጡ ቁጥር ጉባኤ ተጠርቶ አንዱ ወገን ሲረታ ሌላው ተሳደደ። ነገሩ እልባት አገኘ የተባለው በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ በጠሩት ጉባኤ ነው። እዚያም ቢሆን ሊቃውንት ከተከራከሩ በኋላ የመጨረሻው ቃል የንጉሥ አዋጅ ነበር፤ ያልተስማሙት ክርስቲያኖች እንዲመለሱ 2 ዓመት ተሰጣቸው።

የፋሲለደስን አዋጅ ማቃለል አይገባም። የባዕድ ጦር እንዳይገባ አድርጓል። ትእዛዝ ሊሠራው የሚችለው ይህን ነው። ፈረንጆቹ ትተውት የሄዱትን ጥያቄ መመለስ ግን የጉባኤ ሥራ ነበርና፣ ከአዋጁ በኋላ 240 ዓመት ያህል ፈጀ።