የድር ሰርቨር ፕሮሰሶች የሜሞሪ አጠቃቀም

የድር ሰርቨር የአሳሾችን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚልክ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቺ በመጀመሪያ ዘመኑ የሠራው በአንድ ወላጅ ፕሮሰስና ወላጁ አስቀድሞ በሚፈጥራቸው ልጆች ነበር፤ ይህ አሠራር ዛሬም አለ።

አመጣጥ

ልጁ የሚፈጠረው ፎርክ በተባለው የዩኒክስ ጥሪ ነው። የፎርክን ሐሳብ ማን እንዳመነጨው ምንጮች አይስማሙም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለ ጉዳዩ የጻፉት የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሜልቪን ኮንዌይ ናቸው። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ ዴኒስ ሪቺ ግን ጥሪው ቀድሞ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲስተም ውስጥ እንደነበረ ጽፈዋል፤ በፒዲፒ-7 ኮምፒውተር ላይም 27 የአሴምብሊ መስመር ብቻ እንደፈጀ ይናገራሉ። ምናልባት ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ሐሳቡን ለኮንዌይ፣ ለዩኒክስ የደረሰውን አሠራር ለበርክሌይ መስጠት ይቻላል።

መጋራት

ፎርክ ሲጠራ ሊኑክስ የወላጁን ሜሞሪ ወዲያው አይገለብጥም። ወላጅና ልጅ ያንኑ ሜሞሪ ያነባሉ፤ አንዳቸው ሊጽፍበት ሲል ብቻ የተነካው ክፍልፋይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት፣ ለብቻው ይቀዳል። ስለዚህ መጋራቱን የሚያፈርሰው መጻፍ ነው። ሩቢ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እስከ 2013 ድረስ ቆሻሻ ሜሞሪ ሲያጸዳ ምልክቱን በየዕቃው ላይ ይጽፍ ስለነበር ልጆቹ የወረሱትን በከንቱ ይቀዱ ነበር፤ ስሪት 2.0 ምልክቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው።

የአማርኛ ውክፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የተጻፈው በፒኤችፒ ነው። በፒኤችፒ ውስጥ ኦፒካሽ የተባለው ክፍል የተዘጋጀውን ኮድ በጋራ ሜሞሪ ስለሚያኖር ልጆቹ ሁሉ ከአንድ ቅጂ ያነባሉ። የጽሑፉ ይዘት ግን የእያንዳንዱ ልጅ የግል ሸክም ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ የእንግሊዝኛው 1 ብቻ ይይዛል።

ኤንጂንክስ

ኤንጂንክስ በ2004 ለሕዝብ የወጣ የኢጎር ሲሶዬቭ የድር ሰርቨር ነው። ብዙ ልጆች ከመፍጠር ይልቅ ጥቂት ፕሮሰሶቹ እያንዳንዳቸው በሺህ የሚቆጠር ግንኙነት ያስተናግዳሉ።

መለካት

አርኤስኤስ የተባለው መለኪያ የጋራውን ሜሞሪ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ደጋግሞ ይቆጥራል። 50 ልጆች እያንዳንዳቸው 60 ሜጋባይት ቢያሳዩና ከዚህ 45ቱ የጋራ ቢሆን፣ ድምሩ 3,000 ሜጋባይት ይመስላል፤ ትክክለኛው ግን 795 ነው። ፒኤስኤስ የተባለው ሌላ መለኪያ የጋራውን ለተጋሪዎቹ ስለሚያካፍል ይህንኑ 795 ይሰጣል። የልጆቹን ቁጥር የሚገድብ ባለሙያ በፒኤስኤስ ቢያሰላ ይሻላል፤ የልጆቹ ጠቅላላ ፍላጎት ከራሙ ሲበልጥ ግን ሲስተሙ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምርና ጥያቄው ሁሉ ይዘገያል።