ማደሪያና መሬት በቦረናና በሳይንት ደጋ

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ በቆየበት ዘመን ካስገረሙት ነገሮች አንዱ በዚህ ሰፊና ሕዝበ ብዙ አገር ውስጥ ከተማ ማጣቱ ነበር። ከ1600 ቤት የሚበልጥ ሰፈር በአገሩ እንደሌለ፣ በግንብ የታጠረ ከተማም እንዳልነበረ ጽፏል። ካለፈባቸው አገሮች አንዱ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ የሚባለውን ደጋ የሚያጠቃልለው የቀድሞው የአማራ ምድር፣ እነ መካነ ሥላሴንና አትሮንሰ ማርያምን የመሳሰሉ የነገሥታት መቃብር የሆኑ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት የነበሩበት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በድንጋይ ሲታነጽ ንጉሡ ራሱ ግን በድንኳን ያድር ነበር። በጥንቱ ዜና መዋዕል «ከተማ» የሚለው ቃል የሠራዊት ሰፈርን፣ የንጉሥ ማረፊያን ማመልከቱም ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ለባላገሩ ከተማ ማለት እርሱ የሚሄድበት ቦታ ሳይሆን ወደ እርሱ የሚመጣ ነገር ነበር። መጥቶ ይሰፍራል፤ እህሉንና ከብቱን ይበላል፤ በዙሪያው ያለውን ዛፍ ይጨርሳል፤ ከዚያም ተነሥቶ ይሄዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ይህ ሰፈር ቀስ በቀስ ሥር መስደድ ጀመረ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የቆረቆሯት ወረኢሉ በመጀመሪያ የጦር ሰፈር ነበረች፤ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ለዐድዋ የዘመተው ሠራዊት መሰብሰቢያ የሆነችውም በዚሁ ጠባይዋ ነው። ደሴም ብትሆን ከዐፄ ዮሐንስ ሰፈርነት ተነሥታ በራስ ሚካኤል ዘመን የወሎ መቀመጫ ሆነች። አዲስ አበባ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ለጥቂት ጊዜ የቀድሞዎቹ ሰፈሮች ዕጣ ሊደርስባት ነበር። ማገዶው ሲያልቅ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበርና። መናገሻዋ በቦታዋ እንድትቀር ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድ የውጭ አገር ዛፍ የአንድን መንግሥት መቀመጫ እንዳጸና በግልጽ ማየት የሚቻልበት አጋጣሚ በታሪክ ብዙ አይደለም።

የቦረናና የሳይንት ገበሬ በዚህ ሁሉ ዘመን አገሩን ለቅቆ አያውቅም ማለት አይደለም። ለዘመቻ፣ ለንግድ፣ ለቤተ ክህነት ትምህርት፣ ለመስጊድ ደረሳነት፣ ለቀን ሥራም ይወጣ ነበር። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ለመግባት ጥልቅ ቆላ መውረድና እንደገና መውጣት፣ ወደ ደሴ ለመሄድም ቀናት የሚወስድ የበቅሎ መንገድ መጓዝ ግድ ነበር። ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። በወሎ የሰሜኑ ርስትና የደቡቡ ጭሰኝነት ጎን ለጎን ይገኙ ነበር። ጭሰኛው ከመሬቱ ሲነሣ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው፤ ባለርስቱ ግን ቢሄድም የሚያጣው የለም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል ለማስፈራሪያ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የአያቱን ስም ቆጥሮ ዘመዱን የሚያስመሰክር ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። ይህ ልማድ ማለቂያ የሌለው ሙግት እንደወለደ አይካድም። ነገር ግን መሄድ ማለት መቆረጥ አልነበረም። ከተማ የገባው የባላገር ልጅ አንድ እግሩን በትውልድ ቀዬው ላይ ትቶ ነበር የሚሄደው።

ይህን ሥርዓት የለወጡት በአንድ ዓመት ውስጥ የወጡ ሁለት አዋጆች ናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በገዛ እጁ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ እስከ 10 ሔክታር ድረስ እንዲሰጠው ደነገገ፤ መሸጥን፣ መለወጥን፣ ማስያዝንና ማከራየትን ከለከለ፤ ከአረጋውያን፣ ከሕሙማን፣ ከባል አልባ ሴቶችና ከሕፃናት በቀር በቅጥር ጉልበት ማሳረስንም አገደ። አምስት ወር ሳይሞላ ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ ብቻ ፈቀደ። የቤት ኪራይም ተቀነሰ።

የመጀመሪያው አዋጅ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ ቀንበር ማላቀቁ ታላቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያሳንስ ታሪክ ጸሐፊ ፍርዱ ሚዛን የለውም። የ10 ሔክታሩ ነገር ግን በዚያ ደጋ የወረቀት ቁጥር ሆኖ ቀረ። በተራራ ወገብ ላይ ገብስና ስንዴ የሚዘራው ሰው የደረሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበርና። የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ሁለቱ አዋጆች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚታየው ነው። የመሬት መብት ከዘር ሐረግ ተላቅቆ ከመኖሪያና ከሞፈር ጋር ተቆራኘ። የሚያርሰው አለው፤ የሄደው የለውም። ማሳውን አከራይቶ ከተማ መግባትም ሆነ ከተማ ተቀምጦ በገጠር ማሳረስ በሕግ ተዘጋ። በገጠርና በከተማ መካከል መምረጥ፣ እንደ ዛሬው ጠንካራና ቁርጥ ያለ ጥያቄ የሆነው፣ በዚህ ጊዜ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከዚያ የተከተሉት ዓመታት ምርጫውን ከሰውየው እጅ የነጠቁ ናቸው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የወሎ ሕዝብ ወደ ዋናው መንገድ ፈልሶ ነበር፤ የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት ራሱ ሕዝቡን አንሥቶ አሰፈረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ከተወሰዱት 600 ሺህ ያህል ሰዎች የሚበዙት ከወሎ የሄዱ ነበሩ። ደገኛው ወባ ወዳለበት ቆላ ወረደ። ከመካከላቸው ፈቅደው የሄዱ ነበሩ፤ ተገድደው የሄዱም ነበሩ። በሌሎች ክፍለ ሀገሮች በስፋት የተካሄደው የመንደር ምሥረታም የተበታተነውን ጎጆ በመሥመር ደርድሮ ገጠሩን ትንሽ ከተማ ለማስመሰል የሞከረ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ እንደታወጀ ግን በብዙ ቦታ ገበሬው ጣሪያና ማገሩን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። መንደሩ የተነደፈው በወረቀት ላይ ሲሆን፣ ሰውየው ጎጆውን የሠራው ማሳውን፣ በረቱንና ምንጩን በአንድ ዐይን ማየት በሚችልበት ቦታ ነበር።

ምንጭ ከተነሣ፣ መሐንዲሶች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በደጋው የአገራችን ክፍል መንገድ የሚወጣው በአብዛኛው የተራራውን ጀርባ ይዞ ነው፤ ወንዝና ገደል መሻገር ውድ ነውና። ከተማም መንገዱን ተከትሎ በጀርባው ላይ ይበቅላል። ውኃው ግን በሥሩ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱ ብርዳማ ከፍታ፣ በአቀስታም በኩል አድርጎ ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው ይህን በየቦታው ያያል። በገጠር የሚኖረው ሰው ለምንጩ ቀርቦ ለሐኪም ቤቱ ይርቃል፤ ከተማ የገባው ለሐኪም ቤቱ ቀርቦ ጄሪካን ይዞ ይሰለፋል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በቤተሰቡ ውስጥ ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ይለያያል። ምርጫውን የሚወስነው ወንዱ፣ ውኃውን የምትቀዳው ሴቷ መሆኗ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በዚህ መካከል ትንሹ ከተማ የራሱን ጥቅም አገኘ። ገበያው ብቻ አልነበረም ሰው የሚስበው፤ ትምህርት ቤቱ ነው። ከማሻና ከመሰል የገጠር ሰፈሮች የሚመጣ ተማሪ በከተማው ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሳምንቱን ይማራል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ ሄዶ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው የኪራይ ክፍሎች በየጓሮው የበዙት በዚህ ምክንያት ነው። በቅርቡ ዘመን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያ ሌላ በመካነ ሰላም ግቢ መክፈቱ ይህንኑ ጉዞ በግልባጩ አደረገው፤ ከሩቅ ከተሞች የመጡ ተማሪዎች በቦረና ደጋ ያድራሉ።

ሕጉም ላላ ብሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬትን ከመሸጥ ቢከለክልም፣ ክልሉ በኋላ ባወጣቸው አዋጆች ገበሬው ይዞታውን እንዲያከራይ፣ እንዲያወርስም ተፈቀደለት፤ «አረንጓዴ ደብተር» የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫም ተሰጠው። በልማድ የነበረው የእኩል አራሽነት ሕጋዊ ጥላ አገኘ ማለት ነው። ሆኖም ለረጅም ዓመታት ከአካባቢው የጠፋ ሰው መብቱን ሊያጣ የሚችልበት አንቀጽ አልቀረም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ራሱን ከፈለ፤ ሽማግሌው በማሳው፣ ታላቁ ልጅ በትንሹ ከተማ ሱቅ፣ ሴት ልጅ በአዲስ አበባ ወይም በዐረብ አገር። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 16ቱ ያህል በከተማ እንደሚኖሩ ሲያመለክት፣ እንዲህ በሦስት ቦታ የሚያድረውን ቤተሰብ በየት በኩል እንደሚቆጥረው መጠየቅ ይቻላል።

ደብተሩ የተሰጠው ግን መሬት ለነበረው ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ ከተካሄደው ሽግሽግ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ ወጣት ከአባቱ ቁራሽ በቀር የሚጠብቀው አልነበረም። ይህ ወጣት በገጠርና በከተማ መካከል አልመረጠም፤ የባሕሩን መንገድ ያዘ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከተመላሾቹ መካከል የደቡብ ወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። ቀድሞ የላኩት ገንዘብ በትንንሾቹ ከተሞች ቆርቆሮ ቤት ሆኖ ቆሞ ነበር። ከፊሎቹ በዚያ ቤት ገቡ፤ ከፊሎቹ ቤቱን እንደተከራየ ትተው እንደገና ሄዱ።