የጄኔቫው ንግግር

የጄኔቫው ንግግር ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1936) ስዊዘርላንድ ውስጥ ለመንግሥታት ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ በአማርኛ ያሰሙት የአቤቱታ ንግግር ነው። የቀረበው ንጉሠ ነገሥቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ምክንያት አገራቸውን ለቀው ከወጡ ሁለት ወር ሳይሞላ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተደረጉ ታላላቅ የፖለቲካ ንግግሮች ጋር ስሙ የሚነሣው ባስገኘው ውጤት አይደለም፤ የጠየቀውን ሁሉ ተነፍጓልና። የንግግር ጥበብን የሚያጠኑ ሰዎች ወደ እርሱ የሚመለሱት፣ የስምምነት አንቀጾችን የሚጠቅስ የሕግ ክርክር እንዴት ወደ ታሪክ እንደሚለወጥ፣ ታሪኩም አዳማጮቹን ከተመልካችነት አውጥቶ እንዴት ባለዕዳ እንደሚያደርጋቸው በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ከንግግሩ በፊት

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ሆነች። የያኔው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ (የኋላው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) አባልነቱን የፈለጉት በዋነኛነት አንድ ተስፋ ይዘው ነው፤ አንዱ አባል ቢጠቃ ሌሎቹ ይደርሱለታል የሚለውን የማኅበሩን ቃል ኪዳን። በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ደግሞ ከኢጣሊያ ጋር ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። በኅዳር 1927 ዓ.ም. ግን ኦጋዴን ውስጥ ወልወል በተባለ ስፍራ በሁለቱ አገሮች ጦር መካከል ግጭት ተነሣ። የኢጣሊያ ጦርም መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነት ሳያውጅ የመረብን ወንዝ ተሻገረ።

ማኅበሩ ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈረጀ፤ የኢኮኖሚ ማዕቀብም ጣለ። ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልነካም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቀረ። ነዳጅ የሚገዛና ቦይ የሚሻገር ጦር ማዕቀቡ አይሰማውም። መጋቢት 22 ቀን የኢትዮጵያ ጦር ማይጨው ላይ ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። እርሳቸው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ደርሰው፣ ኢየሩሳሌም ቆይተው፣ ወደ ለንደን አቀኑ።

የጉባኤው ልብ የት እንዳለ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ሰኔ 11 ቀን በፓርላማ ቀርበው መንግሥታቸው ማዕቀቡ እንዲነሣ እንደሚጠይቅ ተናግረዋል። ስለዚህ ጄኔቫ ላይ የሚናገረው ሰው ገና ያልወሰነ ዳኛ ፊት አልነበረም የቆመው፤ ፍርዱን ጽፎ ኪሱ ውስጥ የከተተ ዳኛ ፊት ነው። ንግግሩ ለምን እንደዚያ እንደተቀረጸ የሚገባው ይህን ያወቀ አንባቢ ብቻ ነው።

ከሳሹ

በኢትዮጵያ ሥርዓት የመጨረሻው ይግባኝ የሚሰማው በዙፋን ችሎት ነበር። የተበደለ ሰው የንጉሡን መንገድ ጠብቆ፣ አንዳንዴም መሬት ላይ ተደፍቶ፣ «ጃንሆይ፣ አቤት!» ይል ነበር። ሰኔ 23 ቀን ራሳቸው ጃንሆይ አቤት ባይ ሆኑ። ከዚያ በፊት የአንድ አገር መሪ በአካል ቀርቦ በዚያ ጉባኤ ተናግሮ እንደማያውቅ እርሳቸውም በንግግራቸው መግቢያ ላይ አንሥተውታል፤ ወዲያውም እንዲህ ያለ ግፍ የተፈጸመበት ሕዝብም ከዚያ በፊት አልነበረም በማለት ለመምጣታቸው ምክንያት አድርገውታል። በአምባሳደር እጅ ቢላክ ኖሮ ሰነድ ሆኖ ይቀር የነበረው ነገር፣ ባለቤቱ ይዞት ሲመጣ ምስክርነት ሆነ።

ለንግግሩ የተመረጠው ቋንቋም የዚሁ አካል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር፤ የጉባኤው ቋንቋዎችም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነበሩ። እርሳቸው ግን በአማርኛ ተናገሩ፤ ትርጉሙ ለብቻው ቀረበ። አዳራሹ ትርጉሙን ከማግኘቱ በፊት ድምፁን ሰማ። በጽሑፉ ዝግጅት የአከለ ጉዛይ ተወላጅ የነበረውና በሞንፔልየ ሕግ የተማረው ሎሬንሶ ታእዛዝ ከፍተኛ ድርሻ እንደነበረው ይነገራል። በተቀናጀ ሐሳቡና በአንቀጽ አጠቃቀሱ የሕግ ሰው እጅ እንዳለበት ጽሑፉ ራሱ ይመሰክራል።

ንግግሩን ሳይጀምሩ ከጋዜጠኞች ሰገነት የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ፉጨትና ስድብ ለቀቁባቸው። የሩማንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኒኮላይ ቲቱሌስኩ ተነሥተው እነዚህን አረመኔዎች አስወጡ ብለው በፈረንሳይኛ መጮኻቸው ይጠቀሳል። ጋዜጠኞቹ በፖሊስ ተወሰዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ካባቸውን ለብሰው፣ ጽሑፋቸውን ይዘው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ቆመው ጠበቁ። ማንም ያላቀደው ይህ ቅጽበት ለንግግሩ ትልቅ መግቢያ ሆኖለታል። አዳማጭ ከቃሉ በፊት ተናጋሪውን ይመዝናል። አዳራሹ በዚያች ደቂቃ ማን ሥርዓት እንዳለውና ማን እንደሌለው በዓይኑ አየ፤ «ልናሠለጥናቸው ሄድን» የሚለው የኢጣሊያው መሪ የሙሶሊኒ ወገን ክርክርም ገና አንድ ቃል ሳይመለስለት ተናጋ።

የመርዙ ታሪክ

በንግግሩ ውስጥ ከሁሉ የሚታወሰው ስለ መርዝ ጋዝ የተነገረው ክፍል ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ አተራረኩ እንደ ተራ ክስ አይደለምና።

ተራ ክስ ቢሆን ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ጥሳ የተከለከለ መሣሪያ ተጠቀመች ብሎ ያልፍ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ነገሩን በደረሰበት ቅደም ተከተል ይተርኩታል። መጀመሪያ አውሮፕላኖቹ አስለቃሽ ጋዝ ጣሉ፤ ወታደሩ መበታተንን፣ ነፋሱ እስኪጠርገው መጠበቅን ተማረ። ቀጥሎ የሰናፍጭ ጋዝ የያዙ በርሜሎች ተወረወሩ፤ እነርሱም የነኩት ጥቂት ሰው ነው፤ መሬት ላይ የወደቀው በርሜል ራሱ ለቀረው ሕዝብ ማስጠንቀቂያ ሆነ። በመቀሌ ዙሪያ ጦርነቱ ሲጠብቅና የኢጣሊያ አዛዦች ሽንፈት ሲፈሩ፣ አውሮፕላኖቹ ላይ መርጫ ተገጠመ። ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ ሲያልፉ ከእነርሱ የሚወርደው ጉም ተያይዞ አንድ ሽፋን ሆነ። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ወታደሩን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙንና ግጦሹን አለበሰው።

በዚህ ትረካ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው የስድብ ቃል ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። በየደረጃው ተጠቂው ሕዝብ መላ ያገኛል፣ አጥቂውም መላውን የሚያፈርስ አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል። አድማጩ ሳያውቀው ወገን ይይዛል፤ በርሜሉ ሲከሽፍ እፎይ ይላል፣ እፎይታው ሳያበቃ መርጫው ይመጣል። ቁጥሮቹም ስለ ጉዳት መጠን የተሰጡ ስታትስቲክስ አይደሉም፤ ወደ ላይ ቀና ብሎ አውሮፕላን የቆጠረ ሰው ቁጥሮች ናቸው። ከወታደሩ ተነሥቶ ወደ ሣሩ የሚወርደው ዝርዝርም ማምለጫ ያልቀረለትን አገር ያሳያል፤ ከሰው ያመለጠው ከከብቱ፣ ከከብቱ ያመለጠው ከውሃው ያገኘዋል።

የታሪክ ምርመራ በኋላ አንድ እርማት አምጥቷል። የኢጣሊያን ሰነዶች የመረመሩት አንጄሎ ዴል ቦካና ሌሎች እንዳሳዩት፣ የሰናፍጭ ጋዙ በአብዛኛው የተጣለው ከመሬት 250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዲፈነዳ በተሠራ ከባድ ቦምብ ነው፤ ፈሳሹ ከዚያ እንደ ካፊያ ይወርዳል። ከታች ለሚያይ ሰው ሁለቱ የተለያዩ አይደሉም። የኢጣሊያ መንግሥት ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) ነው፤ ከንግግሩ 60 ዓመት በኋላ ማለት ነው። 

ታናሹ፣ ታላቁና ቃል የገቡት

ከጋዙ ታሪክ በኋላ ንግግሩ ወደ ውሎችና ወደ ዲፕሎማሲ ይገባል። ረጅምና ደረቅ ክፍል ነው፤ ዛሬ ለሚያነብ ሰው ያደክማል። ለዚያ አዳራሽ ግን ሊቀር አይችልም ነበር። እንባ ብቻ ይዞ የመጣ ከሳሽ ይታዘንለታል እንጂ አይፈረድለትም።

በዚህ ክፍል የታሪኩ ሰዎች ይቆማሉ። በአንድ ወገን ከ42 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ ገንዘብና ኢንዱስትሪ ያለው መንግሥት፤ በሌላው ወገን መሣሪያና ሀብት የሌለው የ12 ሚሊዮን ሕዝብ። ታላቅና ታናሽ የሚጋጠሙበት ታሪክ በየትኛውም አገር የታወቀ ነው፤ አውሮፓውያኑም ዳዊትና ጎልያድን ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዚህ አላበቁም። በዳዊትና በጎልያድ ታሪክ ውስጥ ለዳዊት እንደርሳለን ብሎ የፈረመ ሦስተኛ ወገን የለም፤ እዚህ ግን አለ። እርዳታ ቃል የገቡት 52 መንግሥታት እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ታሪኩ ከትግራይ ሰማይ ተነሥቶ ወደ አዳራሹ የሚገባው በዚህ በር ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ኢጣሊያ ምን አደረገች የሚለው መሆኑ ቀርቶ እናንተ ምን ልታደርጉ ነው የሚለው ይሆናል። የኢትዮጵያ ጉዳይ የታናናሽ አገሮች ሁሉ ጉዳይ መሆኑን፣ ከእግዚአብሔር መንግሥት በቀር ከሌላው የሚበልጥ መንግሥት በምድር ላይ እንደሌለ ያስረዳሉ፤ ፍርዳችሁን እግዚአብሔርና ታሪክ ያስታውሱታል ይላሉ።

መዝጊያው ጥያቄ ነው፦ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ? ታሪኩ ሳይቋጭ ይቆማል፤ የሚቋጩት አዳማጮቹ ናቸው። ብዙ ተናጋሪ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ምስጋናና ምርቃት ይጨምራል። መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ ግን ከአዳራሹ የሚወጣውን ሰው ይከተለዋል፤ ዝም ማለትም ራሱ መልስ ሆኖ ይቆጠርበታል።

ውጤቱ

ጉባኤው ሰኔ 27 ቀን ማዕቀቡ እንዲነሣ ወሰነ። ኢትዮጵያ ለመከላከያ ያቀረበችው የብድር ጥያቄ ከራሷ ድምፅ በቀር ደጋፊ አጣ። ከዚያ ውሳኔ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ስቴፋን ሉክስ የተባለ የቼኮዝሎቫኪያ አይሁዳዊ ጋዜጠኛ፣ ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ የሚያደርሱትን ግፍ ዓለም እንዲሰማ ብሎ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ራሱን በጥይት መታ። የዚያ ሰሞን ጄኔቫ አቤት ባዩ የበዛበት፣ ሰሚ የታጣበት ከተማ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1930 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ ሕጋዊ አድርጎ የመቀበል ጉዳይ ሲነሣ ወደ ጄኔቫ ተመለሱ። ታመው ስለነበር ንግግራቸውን ያነበበላቸው ሎሬንሶ ታእዛዝ ነው። በክርክር ይዘቱ ከመጀመሪያው የሚያንስ አይደለም፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። የሚናገረው ሌላ ሰው ሲሆን ምን እንደሚጎድል ለማየት ሁለቱን ማነጻጸር ይበቃል።

ከ1928ቱ ንግግር ጋር የተያያዘ አንድ አባባል በብዙ ቦታ ይጠቀሳል፤ ዛሬ በእኛ የደረሰ ነገ በእናንተ ይደርሳል የሚል ይዘት ያለው። በታተመው የንግግሩ ጽሑፍ ውስጥ በዚያ መልክ አይገኝም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከመድረኩ ሲወርዱ ተናገሩት ይባላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሰዎች ክፍት የተተወውን መዝጊያ በራሳቸው ቃል የሞሉት ይመስላል። ሌላው የሚደባለቀው የቦብ ማርሊ «ዋር» የተሰኘው ዘፈን ነው። የዘፈኑ ግጥም የተወሰደው ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኒው ዮርክ ላይ ካደረጉት ንግግር ነው፤ በዚያ ንግግር ግን ከ27 ዓመት በፊት ጄኔቫ ላይ ቆመው የተናገሩትንና ያልተሰማላቸውን አስታውሰዋል።

የጄኔቫው ንግግር «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው የንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፉን ያዘጋጁት በስደት ላይ ሳሉ፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀምጠው ነው።